ድምፁን ተወው፣ መቼ እንደሚጮህ ንገረኝ

እኔና ታላቅ ወንድሜ ያለንን አዋጥተን፣ የጎደለውን ተበድረን የገዛናት መኪና ቶዮታ ዲኤክስ ናት። ከሁለታችንም በዕድሜ ትበልጣለች። ወንድሜ ሐዋሳ መሃል ከተማ ውስጥ ትንሽ ሱቅ አለው። ሐሳባችን ከሻሸመኔ ዕቃ እያመላለሰባት ለትራንስፖርት የሚያወጣውን ብር ማትረፍ ነበር። የገዛን ቀን ሻጩ ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን አስነሳና «እስቲ ስሙት! ድምፅ አለው?» አለን። ጆሯችንን አስጠግተን ሰማን። የለውም። እንደተኛ ሕፃን ነው። ዝም ያለ ሞተር ጤነኛ ሞተር ነው ብለን ተፈራረምን።

ሦስት ሳምንት ቆይተን ዘይት ቀየርን። በማግስቱ ወንድሜ ዕቃ ጭኖ ሲመለስ፣ ዳገት ላይ ነዳጅ ሲረግጥ፣ ከሞተሩ ታችኛው ክፍል አንድ ነገር ማንኳኳት ጀመረ። «በር የሚያንኳኳ ሰው ነው የሚመስለው» አለኝ በስልክ፤ «ያውም የተናደደ ሰው።» ድምፁ ውስጥ ፍርሃት ነበር። ብድሩን ገና አንድ ወር እንኳ አልከፈልንም።

ያቺ ማንኳኳት ናት ይህን ጽሑፍ ያስጻፈችኝ። መኪናዋ ጋራዥ በቆየችባቸው ቀናት የሞተር ድምፅን ታሪክ ማንበብና መጠየቅ ጀመርኩ። ከዚያ በፊት ስለ መኪና ታሪካችን የማውቀው ማን እንዳመጣት፣ ማን እንደተሳፈረባት ነበር። ማን ቆሞ እንዳዳመጣት ጠይቄ አላውቅም።

*

ጋራዡ ከገብርኤል ቤተክርስቲያን ብዙ አይርቅም። ውስጥ ለውስጥ መንገድ ገብታችሁ፣ ጎሚስታውን አልፋችሁ፣ ዘይት የጠጣ ጥቁር መሬት ስታዩ ደርሳችኋል። ባለቤቱን ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ» ነው የሚላቸው፤ እኔም እንደዚያው ልበላቸው። ዕድሜያቸው ከ60 አልፏል። ሥራውን የለመዱት በልጅነታቸው፣ ቁልፍ እያቀበሉና ዕቃ በቤንዚን እያጠቡ ነው።

እንደደረስኩ ድምፁን በአፌ ለማሰማት ሞከርኩ። «ቋ፣ ቋ፣ ቋ ነው የሚለው ጋሼ፤ አንዳንዴ ደግሞ ጠቅ፣ ጠቅ...»

እጃቸውን አነሱብኝ። «ልጄ፣ ድምፁን ተወው። ድምፁን እኔም እሰማዋለሁ። መቼ እንደሚጮህ ነው የምትነግረኝ።»

ከዚያ ጥያቄው ወረደ። ጠዋት ስትነሳ ነው ወይስ ከሞቀች በኋላ? ቆማ ነው ወይስ ስትሄድ? ዳገት ላይ ነው ወይስ ቁልቁለት? ፍሪሲዮን ስትረግጥ ይለወጣል? ስትታጠፍስ? መጨረሻ ዘይት የተቀየረው መቼ ነው? ሐኪም ቤት ካርድ ያወጣሁ መሰለኝ።

ጥያቄዎቹ ዝም ብለው የመጡ እንዳልሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው። ጠዋት ጮሆ ሲሞቅ የሚጠፋ ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ የፒስቶን መላላት ነው፤ ብረት ሲሞቅ ይሰፋል፣ ክፍተቱ ይጠብባል፣ ድምፁ ይሞታል። ሲሞቅ የሚብስ ከሆነ ግን ተቃራኒው ነው፤ ዘይቱ ቀጥኗል፣ የተበላው ብረት ሽፋኑን አጥቷል። ሲጢጥ የሚል ፉጨት ከቺንጋ ወይም ከኩሽኔታ ሊመጣ ይችላል፤ ቺንጋው ላይ ትንሽ ውሃ ጠብ ሲደረግበት ዝም ካለ ጥፋተኛው ቺንጋው ነው፤ ካላለ ኩሽኔታውን ፈትሹ። ሞተሩ በሥራ ላይ እያለ ማርሹ ዜሮ ሆኖ መኪናው ሲንከባለል የማይጠፋ ድምፅ ደግሞ ከጎማው ወገን ነው።

ቁጥርም አለበት። ሞተሩ ቆሞ በደቂቃ 900 ጊዜ ሲዞር፣ ዋናው ዘንግ በሰከንድ 15 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ ግን የሚዞረው በግማሹ ፍጥነት፣ በሰከንድ 7 ተኩል ጊዜ ነው። ስለዚህ ከላይ የሚመጣ ድምፅ ረጋ ያለና ቀላል ነው፤ ከታች የሚመጣው ደግሞ የፈጠነና የከበደ። ጋሼ ይህን ቆጥረው አይደለም የሚያውቁት። ጆሯቸው ቆጥሮ ይነግራቸዋል።

ረጅም ካቻቪቴ አነሱ። ጫፉን ሞተሩ ላይ ተከሉ፤ እጀታውን ከጆሯቸው ፊት ባለው አጥንት ላይ ደገፉት፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጋራዡ ውስጥ የነበረው ሁሉ ያለ ትዕዛዝ ዝም አለ።

*

ይህ ዓይነት ማዳመጥ ከመኪና በፊት የተጀመረው ሰው ላይ ነው። በ1761 እ.ኤ.አ. ሊዮፖልድ አውንብሩገር የሚባል ኦስትሪያዊ ሐኪም የታማሚን ደረት በጣት መታ መታ እያደረጉ በሽታ መለየት እንደሚቻል ጻፈ። የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ልጅ ነበር፤ አባቱ በርሜል እያንኳኩ የወይኑን ልክ ሲያውቁ አይቶ ነው ያገኘው ይባላል። በ1816 ደግሞ ፓሪስ ውስጥ ሬኔ ላኤኔክ የተባለው ሐኪም ወረቀት ጠቅልሎ በአንዲት ታማሚ ደረት ላይ አድርጎ የልብ ትርታዋን አዳመጠ፤ ዛሬ የሐኪም መለያ የሆነው ማዳመጫ ከዚያ ተወለደ። የጋሼ ካቻቪቴ የዚያች ወረቀት የአጎት ልጅ ናት።

የመጀመሪያዋ መኪና ወደ አገራችን የገባችው በ1900 ዓ.ም. ገደማ ነው። ቤድ ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነስቶ፣ መንገድ በሌለበት በረሃና ገደል አቋርጦ፣ ለአፄ ምኒልክ መኪና ይዞ አዲስ አበባ ገባ። በዚያው ሰሞን አርኖልድ ሆልዝ የሚባል ጀርመናዊም ሌላ መኪና ይዞ መጥቷል፤ ማን ቀደመ የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ መሣሪያ ይወዱ ነበርና መኪናዋን በደስታ ተቀበሉ፤ የከተማው ሰው ተገረመ። ታሪኩ በብዛት የሚነገረው እዚህ ድረስ ነው።

እኔን ያሳሰበኝ የማግስቱ ነው። ፈረስ ሲታመም ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ ሰው በየመንደሩ ነበር። በቅሎ ስታነክስ የቱ እግሯ እንደሆነ ከአረማመዷ ድምፅ የሚለይ ነበር። ይቺ ግን? አንድ ቀን ጠዋት አልነሳ ስትል፣ ወይም ነስታ ስታጓራ፣ ይህ ጤናዋ ነው ወይስ ሕመሟ ብሎ የሚለይ ጆሮ ከየት ይምጣ? መኪናዋን በመርከብ ማስመጣት ይቻላል። ጆሮው ግን እዚሁ ነው የሚበቅለው፤ ያም ጊዜ ይፈጃል።

ብዙው የበቀለው በጣሊያን ወረራ ጊዜና ከዚያ በኋላ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ወራሪው ጦሩንና ስንቁን ለማጓጓዝ መንገድ ጠረገ፣ የጭነት መኪና አግተለተለ። ከእነዚያ አንዱ ፊያት 634 ነው፤ ሹፌሮቻችን «ትሬንታ ኳትሮ» ያሉት። በኋላ የመጣው ፊያት 682 ደግሞ «ኤንትሬ» ተብሎ በየመንገዱ ነገሠ። ጣሊያን ከተሸነፈ በኋላም በርካታ ጣሊያናውያን ባለሙያዎች እዚሁ ቀርተው ጋራዥ ከፈቱ። ከሥራቸው ቁልፍ የሚያቀብል የእኛ ልጅ ቆመ። ልጁ ሲያድግ የራሱን ጋራዥ ከፈተ፤ ከእሱ ሥር ደግሞ ሌላ ልጅ ቆመ።

ሐዋሳ የዚህ ዘመን ልጅ ናት። የተቆረቆረችው በ1952 ዓ.ም. አካባቢ ነው፤ እንደ ጎንደር ወይም እንደ ሐረር ከመኪና በፊት የነበረ የከተማ ትዝታ የላትም። መኪና ወደ ኢትዮጵያ ከገባ ከ50 ዓመት በኋላ የተወለደች ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ዲላና ወደ ሞያሌ የሚወርደው አውራ ጎዳና ያሳድጋታል። ኬንያ ድንበር ድረስ የሚሄደው መኪና ሲያልፍ እዚህ ይቆማል፤ የቆመ መኪና ደግሞ መካኒክ ይፈልጋል።

*

ጋሼ ካቻቪቴውን ካነሱ በኋላ ለልጆቹ መመሪያ ሲሰጡ ቃላቱን ማስታወሻዬ ላይ መጻፍ ጀመርኩ። ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ባሌስትራ፣ ካምቢዮ፣ ቺንጋ፣ ሞተሪኖ። ሁሉም ጣሊያንኛ ነው። ካቻቪቴ ራሱ ጣሊያንኛ ነው። ልጆቹ እርስ በርስ በሲዳምኛ ያወራሉ፤ አንዱ ወላይትኛም ይቀላቅላል፤ ከጋሼ ጋር በአማርኛ ነው። በሦስቱም ቋንቋ ግን ኩሽኔታ ኩሽኔታ ነው።

መጀመሪያ ላይ ይህ ትንሽ ከነከነኝ። የወረረን ሰው ቃል በየጋራዡ ተዘርግቶ ሳይ፣ የራሳችን የሆነ ነገር የለንም እንዴ አልኩ። ከዚያ ሌላ ነገር ጆሮዬ ገባ። የዕቃዎቹ ስም ጣሊያንኛ ሆኖ ሳለ፣ ዕቃዎቹ የሚያደርጉት ሁሉ አማርኛ ነው። ሞተር *ያስላል*። ካርቡራተር *ያስነጥሳል*። ኩሽኔታ *ያቃስታል*። ቺንጋ *ያፏጫል*። ራዲያተር *ይንተከተካል*። ካምቢዮ *ያጉረመርማል*። ዳገት ላይ ሞተር *ትንፋሽ ያጥረዋል*። የእኛዋ ደግሞ *ታንኳኳለች*።

ስሙን ከባዕድ ወሰድን፤ ሕመሙን ግን የሰየምነው እኛ ነን። ያውም ከሰውና ከከብት ሕመም ወስደን። ዕቃ ሲመጣ ስሙ ተለጥፎበት ይመጣል። ድምፁን ግን እያዳመጠ፣ ይህ ሳል ነው፣ ይህ ማቃሰት ነው ብሎ የለየው ቁልፍ ያቀብል የነበረው ልጅ ነው። የዚያን ልጅ ስም የጻፈ መጽሐፍ አላገኘሁም። ግሦቹ ግን አሉ፤ በየቀኑ እንናገራቸዋለን። መኪና የኛ የሆነችው መቼ ነው ብትሉኝ፣ ማንኳኳትና ማቃሰት በአማርኛ የሰማንባት ዕለት ነው እላለሁ።

*

ጋሼ ቀጥለው ያደረጉትን ላስረዳችሁ። ሞተሩ እየሠራ የካንዴላ ገመዶችን አንድ በአንድ እየነቀሉ መልሰው ሰኩ። የመጀመሪያው ሲነቀል ሞተሩ ተንገዳገደ፤ ማንኳኳቱ ግን እንዳለ ነው። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛውን ሲነቅሉ ድምፁ ወደቀ፤ ሩቅ ያለ በር የሚንኳኳ መሰለ። መልሰው ሲሰኩት ተመለሰ።

«አገኘናት» አሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ካንዴላው ሲነቀል በዚያ ፒስቶን ላይ የሚፈነዳው እሳት ይቀራል፤ ፒስቶኑ አይገፋም፤ ስለዚህ ከሥሩ ያለው ቢዬላ ዋናውን ዘንግ አይመታም። በሁለቱ መካከል የምትገባው ስስ ብረት ተበልታ ነበር።

ከዚያ ከሥር የቀዳነውን የቀድሞ ዘይት አስታወሱ። «ያወጣችሁት ዘይት እንዴት ነበር?» አሉ። ወንድሜ ትዝ አለው፤ እንደ ማር የወፈረ ነበር። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። ያረጀ ሞተር ውስጥ በጣም ወፍራም ዘይት ሲገባ ክፍተቱን ይሞላና ድምፁን ያፍነዋል። ለጥቂት ሳምንት። በሽታው እዚያው ነው፤ አፉን ነው የያዙት። እኛ ትክክለኛውን ዘይት ስናደርግ ነው አፉ የተከፈተው።

ወንድሜ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ብሩን ሳይሆን መጀመሪያ የተናገረው ይህን ነው፦ «እኮ ሰምተናት ነበር። ጆሯችንን አስጠግተን ሰምተናት ነበር።»

*

ድምፅን ማፈን በሻጭና በገዢ መካከል ብቻ የተደረገ ተንኮል አይደለም። ዓለም በሙሉ አድርጎታል።

ሞተር የሚያንኳኳው ብረት ሲበላ ብቻ አይደለም። ሌላ ማንኳኳት አለ፤ ነዳጁ ካንዴላው ካቀጣጠለው በኋላ ሥርዓት ይዞ በመንደድ ፋንታ ቀሪው በራሱ ድንገት ሲፈነዳ የሚሰማ። በ1910ዎቹ እ.ኤ.አ. ይህ የአሜሪካ መኪና ሠሪዎች ትልቅ ራስ ምታት ነበር፤ ጉልበት ያለው ሞተር መሥራት አላስቻላቸውም። ቻርልስ ኬተሪንግና ባልደረባው ቶማስ ሚድግሌይ መድኃኒት ፍለጋ ብዙ ነገር ነዳጅ ውስጥ እየጨመሩ ሞከሩ። በታኅሣሥ 1921 እ.ኤ.አ. አንዱ ሠራ፤ ቴትራኤቲል ሌድ የሚባል፣ እርሳስ ያለበት ፈሳሽ። ጥቂት ጠብታ በቂ ነበረች። ማንኳኳቱ ጠፋ።

እርሳስ መርዝ መሆኑ ድሮም ይታወቅ ነበር። በ1924 ኒው ጀርሲ ውስጥ ይህን ፈሳሽ የሚያመርቱ አምስት ሠራተኞች አእምሯቸው እየተነካ ሞቱ። ሚድግሌይ ራሱም ተመርዞ ታሞ ነበር። ሽያጩ ግን ቀጠለ። ለአሥርት ዓመታት በዓለም ከተሞች ሁሉ መኪኖች ያለ ማንኳኳት ሄዱ፤ ከማርሚታቸው የወጣው እርሳስም ሕፃናት ደም ውስጥ ገባ፤ የመማር አቅማቸውን ጎዳ። ከሰሃራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች እርሳስ ያለበትን ቤንዚን የተዉት በ2006 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ነው። በዓለም የመጨረሻዋ ሻጭ አልጄሪያ ያቆመችው በ2021 ነው። አንዲት ድምፅ ለማፈን አንድ መቶ ዓመት ያህል ተከፈለባት።

ይህን ሳነብ የእኛ ሻጭ ወፍራም ዘይት ትንሽ ነገር መሰለኝ። ሐሳቡ ግን ያው ነው። የሚያንኳኳውን ሰው በሩን ከፍቶ ምን ሆነሃል ማለት ሲቻል፣ በሩ ላይ ፍራሽ መደገፍ።

*

መኪና ራሱ ጆሮ ያወጣው በኋላ ነው። ዛሬ አብዛኛው የቤንዚን ሞተር ላይ የታሰረች ትንሽ አዳማጭ አለች፤ ሞተሩ ማንኳኳት ሲጀምር በሰከንድ ከ6 ሺህ እስከ 7 ሺህ የሚደርሰውን ንዝረት ትሰማለች፣ ኮምፒውተሩም ወዲያው እሳቱን ያዘገያል። ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥ መኪና ሁሉ ሕመሙን በኮድ የሚናገርበት አንድ ዓይነት ሶኬት እንዲኖረው ተደረገ። የጋሼ ጋራዥ ውስጥም ኮድ ማንበቢያ አለ፤ የሚይዘው ከልጆቹ ትንሹ ነው። «ፒ 0300» ሲል ሞተሩ እሳት እየዘለለ ነው ማለት ነው። ለምን እንደሚዘል ግን አይናገርም። ካንዴላ ነው? ገመድ ነው? ነዳጅ ነው? እዚያ ላይ ሲደርስ ልጁ ወደ ጋሼ ዞሮ ያያል።

ጋሼ ደግሞ አሁን አሁን ወደ ልጁ ዞረው ያያሉ። አንድ ቀን ሻይ እየጠጣን ነው የነገሩኝ፤ ቀጫጭኑ ድምፅ ከእሳቸው እየራቀ ነው። በ50 ዓመት ጩኸት መካከል የኖረ ጆሮ መጀመሪያ የሚያጣው ቀጭኑን ነው። የሞተርን ከባድ ምት እስካሁን ይለያሉ። የኩሽኔታን ፉጨት ግን ልጁን «ይሰማሃል?» ብለው ይጠይቁታል።

በዚህ ላይ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አሳወቀ። ከዚያ ወዲህ ሐዋሳ ላይም ድምፅ የሌላቸው መኪኖች ይታያሉ። ያለ ድምፅ ከመምጣታቸው የተነሳ የአውሮፓ ኅብረት ከ2019 ጀምሮ አዳዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ሞዴሎች በዝግታ ሲሄዱ እግረኛ የሚሰማው ድምፅ እንዲያወጡ አስገድዷል። ካንዴላ የለም። ፒስቶን የለም። የሚያስነጥስ ካርቡራተር የለም። ግማሹ የጋሼ ግሥ ሥራ ሊፈታ ነው ማለት ነው። ይህን ስላቸው አልተከራከሩኝም። «እንግዲህ ምን ይደረጋል፤ እኔም ያለ ድምፅ ልሆን ነው» ብለው ሳቁ።

*

የእኛ ዲኤክስ ሞተሯ ወርዶ፣ ዘንጓ ቶርኖ ቤት ተልኮ ተስተካከለ። የወንድሜን የብዙ ወር ትርፍ በላች። አሁን ግን ዕቃ ጭና ዳገት ትወጣለች፤ ከላይ ቫልቮቿ ጠቅ ጠቅ ይላሉ፤ ጋሼ «እሱ ጤናዋ ነው፣ አትንኩት» ብለዋል።

ባለፈው ወር ዘይት ልንቀይር ስንሄድ ጋራዡ በር ላይ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ቆማለች። ባለቤቷ ወጣት ናት። «ጋሼ፣ ይቺ መቼም ሞተር የላትም፤ ግን የሆነ ነገር ትላለች፤ ውውው የሚል» አለቻቸው።

ጋሼ እጃቸውን አነሱ። «ልጄ፣ ድምፁን ተይው። መቼ ነው?»

ትንሽ አሰበች። «ስፈጥን ነው። ደግሞ... ወደ ቀኝ ስታጠፍ ይብሳል።»

ወደ ቀኝ ሲታጠፉ ክብደቱ የሚያርፈው በግራ ጎማ ላይ ነው። ጋሼ ወደ ትንሹ ልጅ ዞሩ። ልጁ ክሪኩን እያነሳ ነበር። ጎማውን አንስቶ በእጁ አሽከረከረው፣ ካቻቪቴውን ደገፈ፣ ዓይኑን ጨፈነ። እኛም ዝም አልን።

«የግራ ኩሽኔታ ነው» አለ። «እያቃሰተ ነው።»

መኪና ልትገዙ ከሆነ አንድ ነገር ልንገራችሁና ላብቃ። ሻጩ ኮፈኑን ከፍቶ «ስሙት፣ ድምፅ የለውም» ካላችሁ ቸኩላችሁ አትፈርሙ። ነገ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ እንምጣ በሉት። የዘይቱን መለኪያ አውጥታችሁ በጣታችሁ ንኩት። ከዚያ ዳገት ፈልጉና ንዱት።